ሥሩ አድጎ ሳያልቅ ነርቩ የሞተ የልጅ የፊት ጥርስ፦ ይነቀል ወይስ ይታከም?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ8 ዓመት ልጄ ከአምስት ወር በፊት ሲሮጥ ደረጃ ላይ ወድቆ ከላይ ካሉት ሁለት የፊት ጥርሶቹ የአንዱ ጫፍ ተሰበረ። ብዙም ስላላመመው ተውነው። አሁን ጥርሱ እየጠቆረ መጥቷል፤ ከበላዩ ድዱ ላይ ብጉር የምታህል እብጠት ትወጣለች፣ መግል አፍስሳ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቼ ሰጥቼው ተሽሎት ነበር፤ ግን ተመለሰ። አንድ ባለሙያ ይነቀል አለኝ። ሌላው ደግሞ ሥሩ ገና ስላላለቀ እንዲያድግ የሚያደርግ ሕክምና አለ፣ ደሴ ውጡና ጠይቁ አለኝ። እውነት የሞተ ጥርስ ያድጋል? ልጁስ ይሠቃያል? ባይሳካስ ምን ይሆናል?»

ምላሽ፦ ከሁሉ አስቀድሞ፣ የሥሩ ራጅ ሳይታይ ይህ ጥርስ እንዲነቀል አይፍቀዱ። እርስዎ በገለጹት ሁኔታ ላይ የሚገኝ የፊት ጥርስ በአብዛኛው ሊታከም የሚችል ነው፤ መንቀል የሚመጣው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ነው። የሞተ ጥርስ ያድጋል ወይ ለሚለው ግን በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። የሞተው ነርቭ አይነሣም። ሆኖም የጥርሱ ውስጥ ከተጸዳ በኋላ ከሥሩ ጫፍ ባሻገር ያለው ሕያው ሥጋ በሥሩ መሃል ወዳለው ባዶ ቦይ ሊገባ፣ በአንዳንድ ልጆችም የሥሩን ግድግዳ ሊያወፍርና ሥሩን ሊያስረዝም ይችላል። በደንብ ከተሠራ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የመግሉ መድረቅና የተበላው አጥንት መመለስ ነው፤ የሥሩ ማደግ ግን ተስፋ የሚደረግ እንጂ ቃል የሚገባበት ነገር አይደለም። ሥሩ በእርግጠኝነት ያድጋል የሚልዎት ባለሙያ ቢያጋጥምዎ ጥያቄዎን ያብዙ።

የልጁ ዕድሜ ለጉዳዩ ወሳኝ ነው። ከላይ ያሉት ሁለቱ መካከለኛ የፊት ጥርሶች ድድ ሰብረው የሚወጡት ከ7 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ በሚወጡበት ሰዓት ግን ሥራቸው ገና በመሠራት ላይ ነው። ሥሩ ሙሉ ርዝመቱን ይዞ ጫፉ እስኪጠብ ድረስ ከዚያ በኋላ 3 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ በአብዛኞቹ ልጆች ሥሩ የሚጠናቀቀው 10 ዓመት አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ የሚገነባው በጥርሱ ውስጥ ያለው፣ ደም ሥርንና ጥርስ ሠሪ ሕዋሳትን የያዘው ለስላሳ ክፍል፣ ማለትም በተለምዶ ነርቭ የምንለው ነው። በስብራቱ በኩል ባክቴሪያ ገብቶ ወይም በአደጋው ደም ሥሩ ተበጥሶ ይህ ክፍል ሲሞት፣ ሥሩ ግንበኛው ከመሃል ጥሎት እንደሄደ ቤት ባለበት ይቆማል፤ ግድግዳው ስስ፣ ጫፉም ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁለት ችግሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ለአዋቂ የሚሠራው የተለመደ ሩት ካናል፣ ማለትም የሥሩን ቦይ አጽድቶ መሙላት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥርስ አይሆንም፤ ምክንያቱም የሚሞላው ነገር የሚቆምበት የጠበበ ጫፍ ስለሌለ ወደ አጥንቱ ያልፋል፣ ግድግዳውን በመሣሪያ መፋቅም የሳሳውን የባሰ ያሳሳዋል። ሁለተኛው ችግር ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ጥርሱ ከመግል ቢድንም እንኳ አንገቱ አካባቢ፣ ከድዱ ጠርዝ አጠገብ፣ በትንሽ ምት ሊሰበር ይችላል። ስዊድናዊው የጥርስ ሐኪም ሲቬክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ነርቫቸው ሞቶ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከታከሙ የፊት ጥርሶች መካከል ሥራቸው ገና ለጋ ከነበሩት 77 በመቶው፣ ሥራቸው ወደ ማለቁ ከተቃረቡት ደግሞ 28 በመቶው እንደተሰበሩ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ባለሙያው ሁሉ መግሉን ከማድረቅ አልፎ ግድግዳውን የሚያወፍር መንገድ ሲፈልግ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሞክሳሲሊኑ ለምን እንዳልበጀው ላስረዳ፤ ይህን ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጡ ወላጆች ሁሉ ያነሡታል። የሚዋጥ መድኃኒት ወደ ቁስሉ የሚደርሰው በደም ነው። የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን እብጠት ለጥቂት ቀናት ያበርደዋል እንጂ ቦዩ ውስጥ የሰፈረውን ባክቴሪያ አያገኘውም። መድኃኒቱ ሲቆም ብጉሩ ይመለሳል። ቅርንፉድ መያዝ፣ ነጭ ሽንኩርት ማሸት፣ በጨው ውኃ መጉመጥመጥ ቦዩ ውስጥ ላለው ነገር እንዲሁ አይደርሱም፤ የጨው ውኃው ጉዳት የለውም፣ ነጭ ሽንኩርቱ ግን ድድ ያቃጥላል። ፊቱ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘው ወይም እብጠቱ ወደ ዓይኑ ከወጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዱት።

እንግዲህ ሕክምናዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያውና የቆየው፣ ቦዩን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ ነጭ ልጥፍ እየሞሉና እየለወጡ በሥሩ ጫፍ ላይ ጠንካራ ሽፋን እስኪሠራ መጠበቅ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተስፋፋ ዘዴ ርካሽ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል፤ ልጥፉ ለብዙ ወራት በውስጡ ሲቆይም ጥርሱን እንደሚያደክመው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአንድሪያሰንና የባልደረቦቹ የላቦራቶሪ ጥናት አመልክቷል። ሁለተኛው፣ ኤም.ቲ.ኤ. ወይም ባዮሴራሚክ በሚባል፣ እርጥበት ባለበት ቦታ በሚደርቅ ሲሚንቶ የሥሩን ክፍት ጫፍ ደፍኖ የቀረውን ቦይ መሙላት ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ያልቃል፤ ውጤቱም አስተማማኝ ነው። ነገር ግን ሥሩ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም።

ሦስተኛው ያ ሁለተኛው ባለሙያ የነገረዎት፣ በቦዩ ውስጥ አዲስ ሥጋ እንዲበቅል የማድረግ ሕክምና ነው። ሐሳቡ የትናንት አይደለም፤ ኖርዌያዊው ኒጋርድ ኦስትቢ እ.ኤ.አ. በ1961 በጸዳ ቦይ ውስጥ ደም እንዲረጋ በማድረግ አዲስ ሥጋ እንዲበቅል ሞክሮ ነበር። ዛሬ የምንሠራበት መልክ የያዘው ግን በ2001 ኢዋያና ባልደረቦቹ በጃፓን፣ በ2004 ደግሞ ባንክስና ትሮፕ በአሜሪካ እያንዳንዳቸው የአንድ ልጅ ጥርስ ታክሞ ሥሩ ሲቀጥል በራጅ ካሳዩ በኋላ ነው። በሁለቱም ሪፖርቶች የታከመው ጥርስ በታችኛው መንጋጋ፣ ከውሻ ጥርስ በኋላ ካሉት ሁለት ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች ሁለተኛው ነበር፤ የልጅዎ ጥርስ ግን በምት የተጎዳ የፊት ጥርስ በመሆኑ ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ወደማነሣው ነጥብ ይወስደናል።

አሠራሩን በዝርዝር ልግለጽ፤ ወላጅ የሚያውቀው ከሆነ የተሠራውንና ያልተሠራውን መለየት ይችላል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ጥርሱ ይደነዝዛል፤ ከዚያም ምራቅና ባክቴሪያ እንዳይገባ በላስቲክ መሸፈኛ ከሌላው አፍ ይለያል። ቦዩ በመሣሪያ አይፋቅም ማለት ይቻላል፤ የጽዳቱ ሥራ የሚሠራው በፈሳሽ ነው። ፈሳሹም በረኪና ነው፤ ሆኖም ከሱቅ የሚገዛው ዓይነት ሳይሆን ለሕክምና የተዘጋጀ፣ መጠኑ ወደ 1.5 በመቶ የቀጠነ ነው። 20 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ መርፌው ከሥሩ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ እያለ ለ5 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይፈስሳል። መቅጠኑም በዝግታ መፍሰሱም ምክንያት አላቸው፤ ወፍራም በረኪና ከክፍቱ ጫፍ ካለፈ ሥጋውን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ከጫፉ ባሻገር የሚጠብቁትን፣ አዲሱን ሥጋ የሚያበቅሉትን እናት ሕዋሳትም ይገድላል። ቦዩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ቀጭን የአንቲባዮቲክ ልጥፍ ይገባና ጥርሱ ለጊዜው ይደፈናል።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሜትሮኒዳዞልና ሚኖሳይክሊን የተባሉ ሦስት አንቲባዮቲኮች ተደባልቀው የሚገቡበት ልጥፍ ነው። ባክቴሪያን በመግደል ይደነቃል፤ ነገር ግን ሚኖሳይክሊኑ ጥርስን ያጠቁራል፣ በወፍራሙ ሲገባም ሕዋሳቱን ይጎዳል። የአውሮፓ የኢንዶዶንቶሎጂ (የጥርስ ነርቭና የሥር ቦይ ሕክምና) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድን መርጧል፤ እኔም የፊት ጥርስ ላይ ከዚያ አልወጣም። ሐኪሙ የአንቲባዮቲክ ልጥፍ ከመረጠ ሚኖሳይክሊን ይኑርበት አይኑርበት መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል። ብጉሩ ካልጠፋ ወይም መግል ካለ ወደሚቀጥለው አይታለፍም፤ ጽዳቱ ይደገማል። ከጠፋ ደግሞ ሕክምናው ዋና ነጥቡ ላይ ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ቀን የሚወጋው ማደንዘዣ አድሬናሊን የሌለበት፣ ለምሳሌ 3 በመቶ ሜፒቫኬይን ቢሆን ይመረጣል፤ አድሬናሊን ደም ሥርን ስለሚያጠብ የሚፈለገው ደም እምቢ ይላል። ቦዩ 17 በመቶ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. በተባለ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ይህ ፈሳሽ በጥርሱ ግድግዳ ውስጥ ተቆልፈው የኖሩ፣ ሕዋሳትን ወደ ሥራ የሚጠሩ የእድገት ንጥረ ነገሮችን ይለቅቃል። ከዚያ ሐኪሙ ቀጭን መሣሪያ ከሥሩ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አሳልፎ ሕያው ሥጋውን በመንካት ሆን ብሎ ያደማዋል። ደሙ ቦዩን እየሞላ ወደ ላይ ይመጣል፤ ለመድፈኛው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቦታ ሲቀር ይረጋል፤ በረጋው ደም ላይ ኤም.ቲ.ኤ. ወይም ባዮሴራሚክ ይቀመጣል፣ በላዩም ጥርሱ በሙሌት ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። አዲሱ ሥጋ የሚያድገው በዚህ በረጋው ደም ውስጥ ነው። ግራጫው ኤም.ቲ.ኤ. ብቻ ሳይሆን ነጩም ጥርስ ሊያጠቁር ስለሚችል የፊት ጥርስ ላይ የማያጠቁር ባዮሴራሚክ ካለ እሱ ይመረጣል።

ሥቃዩን በተመለከተ፣ ነርቩ የሞተ ጥርስ በመጀመሪያው ቀን ከማደንዘዣው መርፌ በቀር ብዙም አይሰማውም። በሁለተኛው ቀን መሣሪያው ሕያው ሥጋ ሲነካ ማደንዘዣው በደንብ ካልያዘ ለአፍታ ሊያመው ይችላል። ከባዱ ነገር ሕመሙ ሳይሆን የስምንት ዓመት ልጅ አፉን ከፍቶ ረጅም ጊዜ መቀመጡ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮውን ጠዋት፣ በልቶና ተኝቶ በተነሣበት ሰዓት ቢያደርጉት ይበጃል። «ምንም አያምህም» ከማለት ይልቅ የሚደረገውን በእውነት ቢነግሩት በሁለተኛው ቀጠሮ አይሸሽም።

አሁን ከላይ ወደ ጠቆምሁት ነጥብ ልመለስ። በዚህ መንገድ የታከሙ፣ ኋላ በሌላ ምክንያት የወጡ ጥርሶች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ ውስጣቸው የበቀለው ሥጋ በአብዛኛው የቀድሞው ነርቭ ሆኖ አልተገኘም። ግድግዳውን ያወፈረውም የጥርስን ሥር ከውጭ የሚለብሰውን ንጣፍ ወይም አጥንትን የሚመስል ነገር ነው። ስለዚህ የሆነው ጥገና እንጂ የጠፋውን እንደነበረ መመለስ አይደለም። ይህ ሕክምናውን ዋጋ አያሳጣውም፤ ከመግል የዳነ፣ ግድግዳው ትንሽም ቢሆን የወፈረ ጥርስ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች ላይ ያየነው ዓይነት ረጅም የሥር እድገት በምት በተጎዳ የፊት ጥርስ ላይ ሁልጊዜ አይደገምም፤ ምክንያቱም ሥሩን ቅርጽ የሚያስይዘው፣ በጫፉ ዙሪያ ያለው ስስ ሽፋን ራሱ በአደጋው ሊጎዳ ይችላል። መግሉ ለወራት መቆየቱም አያግዝም። ደሙ አልመጣ የሚልበት፣ ቦዩ በጊዜ ብዛት በጠንካራ ነገር የሚደፈንበት፣ ባክቴሪያው ከዓመታት በኋላ የሚመለስበት ጊዜም አለ።

ከዚህ የተነሣ ክትትሉ ከሕክምናው እኩል ይመዝናል። የተለመደው ቀጠሮ በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ በ24 ወር፣ ከዚያም ቢያንስ እስከ አራተኛው ዓመት ድረስ በየዓመቱ ነው። አጥንቱ የሚመለስበት ምልክት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በራጅ ይታያል፤ የግድግዳው መወፈር፣ የሚመጣ ከሆነ፣ ከ12 እስከ 24 ወር ይጠብቃል። ስለዚህ በሦስተኛው ወር ራጅ አስነሥቶ «ምንም አላደገም» ብሎ ማዘን አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከሥራና ከትምህርት ቀን ተሰርቆ የሚወጣ ዳገት መሆኑን አውቃለሁ። በግልጽ ልናገርና፣ ቤተሰቡ ለዓመታት መመላለስ የማይችል ከሆነ ወይም ለሥራ አገር ሊለቅ ከሆነ እኔ ሁለተኛውን መንገድ፣ የጫፉን በሲሚንቶ መደፈን እመርጣለሁ። ሥሩ አያድግም፤ ግን ማንም ሳያየው ውስጥ ውስጡን የሚበላሽበት ዕድል ያንሳል።

ቦታውን ሲመርጡ የሕንፃውን ማማር አይመልከቱ፤ የጥርሱን ሥር እስከ ጫፉ የሚያሳይ ትንሽ የአፍ ራጅ መኖሩን፣ የላስቲክ መሸፈኛ የሚጠቀሙ መሆኑን፣ ኤም.ቲ.ኤ. ወይም ባዮሴራሚክ በእጃቸው መኖሩን ይጠይቁ። ያለ ላስቲክ መሸፈኛ ይህን ሕክምና መጀመር አይገባም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ከነዚህ አንዱ ካልተሟላ ሐኪሙ ቦዩን አጽድቶ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በማስገባትና ጥርሱን በመድፈን መግሉን ማስቆም፣ ከዚያም ወደሚሟላበት ቦታ በጽሑፍ መላክ ይችላል። ይህን ግን ለረጅም ጊዜ አያቆዩት። የሞተ የልጅ ጥርስ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሥሩን ከውጭ በኩል ሊያስበላው ይችላል፤ በልጅ ላይ ይህ በሳምንታት ውስጥ የሚፈጥን ነገር ነው። አምስት ወር አልፏል፤ ራጁ በዚህ ሳምንት ቢነሣ እመክራለሁ። የሚነሡትን ራጆች ሁሉ በአንድ ፌስታል ያስቀምጡ፤ የሥሩ መለወጥ የሚታወቀው የዛሬውን ከነገው ጋር በማስተያየት ነውና።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ጥርስ ተሰብሮ ውስጡ ቀይ ነጥብ ሲታይ ነርቩ ገና በሕይወት አለ ማለት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪም ዘንድ ከደረሰ የተጋለጠው ክፍል ላዩ ብቻ ተወስዶ ሊሸፈን ይችላል። ሲቬክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዚህ መንገድ ከታከሙ 60 ጥርሶች 96 በመቶው እንደዳኑ ጽፈዋል፤ ነርቩ ስለሚተርፍ ሥሩም ሥራውን ራሱ ይጨርሳል። ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ ይህ ዕድል ላመለጣቸው ነው። «አላመመውም» ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የሚሞት ነርቭ ብዙ ጊዜ በዝምታ ይሞታልና።

ባይሳካስ ላሉት፣ አለመሳካት የመጨረሻ መድረሻ አይደለም። መግሉ ከተመለሰ መድፈኛው ተነሥቶ ሕክምናው ይደገማል፣ ወይም ወደ ሲሚንቶው መንገድ ይታለፋል። ሥሩ አጥሮ ቢቀር እንኳ ጥርሱ በቦታው በቆየበት ዓመት ሁሉ አጥንቱን ይዞለታል፣ ጎረቤቶቹም ወደ ባዶው ቦታ አያጋድሉም። ዛሬ ቢነቀል የሚተካው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ እሱም መንጋጋው ባደገ ቁጥር ይለወጣል። በአጥንት የሚተከለው ጥርስ ደግሞ እድገት ሳያበቃ አይደረግም፤ አጥንቱ ሲያድግ የተተከለው ባለበት ስለሚቀር ከጎረቤቶቹ አጥሮ ይታያል። ለልጅዎ ይህ ማለት ቢያንስ አሥር ዓመት መጠበቅ ነው። እስከዚያ ድረስ በኳስ ጨዋታና በግፊያ ጊዜ ጥርሱን ይጠብቅ፤ የተሰበረው ጫፍም በሙሌት ቢስተካከል ይነክስበታል፣ ሲስቅም አፉን በእጁ አይሸፍንም። ጠንካራ ቆሎና ሸንኮራ አገዳ ግን በዚያ ጥርስ አይንከስ፤ በጎን ጥርሶቹ ይብላ።